እየተማሩ ማስተማር፤ የኮሌጅ የጽሑፍና የሥነ ጽሑፍ መምህራን ድርብ ኃላፊነት

ከቀኑ 11፡30 ሲሆን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የዕለቱን ሥራ ያጠናቅቃሉ። በካዛንቺስና በመስቀል አደባባይ ዙሪያ ከሚገኙ ቢሮዎች ከሚወጡት ሠራተኞች ከፊሉ ወደ ቤቱ የሚያደርሰውን ታክሲና አውቶቡስ ሲጠብቅ፣ ከፊሉ ደግሞ ደብተሩን ይዞ ወደ ማታ ትምህርት ያመራል። ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ በሚወስደው የአፍሪካ ጎዳና ላይ የሚገኘው ኦሎምፒያ ይህ የምሽት ጉዞ ጎልቶ ከሚታይባቸው የቂርቆስ ክፍለ ከተማ አካባቢዎች አንዱ ነው።

በማታው ክፍል ሠራተኛውን የሚጠብቀው መምህርም በተደጋጋሚ እንደ እርሱው ተማሪ ሆኖ ይገኛል። ቀኑን በስድስት ኪሎ የድኅረ ምረቃ ትምህርቱን ሲከታተል ወይም በቤተ መጻሕፍት የመመረቂያ ጥናቱን ሲያዘጋጅ ውሎ፣ በአራት ኪሎና በካዛንቺስ በኩል ወርዶ፣ ምሽት ላይ የእንግሊዝኛ የመጻፍ ክሂል ወይም የሥነ ጽሑፍ ኮርስ ለማስተማር ይደርሳል። ክፍሉ ሲያልቅ በእጁ የሚይዘው ቦርሳ ሁለት ዓይነት ወረቀት ይዟል። አንደኛው አማካሪው አስተያየት የሰጡበት የራሱ ረቂቅ ሲሆን፣ ሁለተኛው እርሱ አስተያየት እንዲሰጥበት የሚጠበቀው የተማሪዎቹ ጽሑፍ ነው።

ከሁለቱ የትኛው በቅድሚያ ይነበባል የሚለው ጥያቄ የመምህሩ የግል ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም። ምክንያቱም ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ የሚያረቅቀው፣ ቃለ ጉባኤ የሚይዘውና ሪፖርት የሚያዘጋጀው ባለሙያ የመጻፍ ችሎታ የሚወሰነው በአብዛኛው በዚያ ቦርሳ ውስጥ ያለው ወረቀት ተነብቦ በመመለሱ ወይም ባለመመለሱ ነው።

የአሠራሩ አመጣጥ

እየተማሩ ማስተማር ለኢትዮጵያ ከፍተኛ ትምህርት አዲስ ክስተት አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም ሥራ ሲጀምር መምህራኑ በአብዛኛው የውጭ አገር ዜጎች ነበሩ። ኮሌጁ በ1954 ዓ.ም ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲነት ካደገ በኋላም አገር በቀል መምህራንን ለመተካት የተሻለ ውጤት ያስመዘገቡ ምሩቃንን በረዳትነት ማስቀረትና ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ውጭ መላክ ዋነኛው ስልት ሆኖ ቆይቷል። በ1957 ዓ.ም የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎትም ተማሪዎች ዲግሪያቸውን ከማጠናቀቃቸው በፊት ለአንድ ዓመት ያህል በየክፍለ አገሩ እንዲያገለግሉ ያደርግ ነበር። አብዛኞቹ የተሰማሩት በትምህርት ቤቶች ስለነበር፣ ማስተማር የተማሪው የራሱ ትምህርት አካል ሆኖ መታየት የጀመረው ያኔ ነው ማለት ይቻላል።

በ1970ዎቹ መግቢያ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ሲጀመር ሁኔታው ሌላ መልክ ያዘ። መምህሩ ሁለተኛ ዲግሪውን ለማግኘት ከአገር መውጣት ሳያስፈልገው፣ በሚያስተምርበት ግቢ ውስጥ መማር የሚችልበት ዕድል ተከፈተ። ዛሬ ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በመላ አገሪቱ ባሉበት ወቅትም መሰላሉ በመሠረቱ ያው ነው። በመጀመሪያ ዲግሪ የሚቀጠረው ረዳት ምሩቅ ሁለተኛ ዲግሪውን ሲይዝ ሌክቸረር ይሆናል፤ ሦስተኛ ዲግሪ ወደ ረዳት ፕሮፌሰርነት ያደርሰዋል፤ ከዚያ በኋላ የተባባሪ ፕሮፌሰርና የፕሮፌሰር ማዕረጎች ይከተላሉ። በመሆኑም በዚህ ሙያ የገባ ሰው የሥራ ዘመኑን የመጀመሪያ ዓመታት መምህርም ተማሪም ሆኖ ሊያሳልፍ እንደሚችል ከወዲሁ ማወቅ ይኖርበታል።

የግል ከፍተኛ ትምህርት ተቋማት መስፋፋትም ለዚህ ድርብ ሕይወት ተጨማሪ በር ከፍቷል። በዘርፉ ቀደምት ከሆኑት አንዱ የሆነው ዩኒቲ ዩኒቨርሲቲ በ1991 እ.ኤ.አ. ሥራውን የጀመረው በቋንቋ ትምህርት ቤትነት እንደነበር ማስታወስ በዚህ ረገድ ጠቃሚ ነው። የመጻፍና የመናገር ክሂል ፍላጎት ከዲግሪ ፕሮግራሞች ቀድሞ የነበረ መሆኑን ያሳያልና። በኦሎምፒያና በአካባቢው እንደሚታየው በንግድ ሕንፃዎች ፎቆች ላይ የሚሰጠው የማታ ትምህርት ደግሞ ለድኅረ ምረቃ ተማሪው የትርፍ ሰዓት መምህርነት ሥራ፣ ለመንግሥት ሠራተኛው ደግሞ ከሥራው ሳይለይ የሚማርበት ዕድል ሆኗል።

ከመማሪያ ክፍል የወጡ ሥራዎች

ድርብ ኃላፊነቱ ጫና ብቻ ሳይሆን ፍሬም እንዳለው የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ጥናት ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። የሥነ ጽሑፍ ትምህርት በዩኒቨርሲቲ ደረጃ በአማርኛ መሰጠት ሲጀምር የመማሪያ መጻሕፍትም ሆኑ የሙያ ቃላት አልነበሩም ማለት ይቻላል። መምህራኑ በአንድ በኩል በእንግሊዝኛና በሌሎች ቋንቋዎች የተጻፈውን ንድፈ ሐሳብ እያጠኑ፣ በሌላ በኩል ለተማሪዎቻቸው በአማርኛ ማስረዳት ነበረባቸው።

ባለቅኔውና መምህሩ ደበበ ሰይፉ ለዚህ ጥሩ አብነት ነው። በ1942 ዓ.ም በይርጋለም የተወለደውና በ1992 ዓ.ም ከዚህ ዓለም የተለየው ደበበ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍንና ቴአትርን ለዓመታት አስተምሯል። የቴአትር ጥበብ ከጸሐፌ ተውኔቱ አንጻር የተሰኘው መጽሐፉ ለዘርፉ ትምህርት ካገለገሉት ቀደምት የአማርኛ መጻሕፍት መካከል ይገኛል። ዛሬ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳይቀር የሚጠቀምበት «መቼት» የተሰኘው ቃልም በእርሱ ስም ይነሣል። «መቼ» እና «የት» የተባሉትን ጥያቄዎች በአንድ ያጣመረው ይህ ቃል የአንድን ታሪክ ጊዜና ቦታ በአጭሩ ለመግለጽ የሚያስችል ሲሆን፣ ክፍል ውስጥ የቆመ መምህር የሚቸገርበትን የማስረዳት ችግር የፈታ ቃል ነው።

የአደፍርስ ደራሲ ዳኛቸው ወርቁም በተመሳሳይ መንገድ ያለፈ ነው። በአሜሪካ በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የፈጠራ ጽሑፍ ትምህርት የተከታተለው ዳኛቸው በዩኒቨርሲቲ መምህርነት ያገለገለ ሲሆን፣ የጽሑፍ ጥበብ መመሪያ የተሰኘ መጽሐፍም አበርክቷል። በ1992 ዓ.ም የታተመው የዘሪሁን አስፋው የሥነ ጽሑፍ መሠረታውያንም ከረጅም ዘመን የማስተማር ልምድ የተገኘና እስከ ዛሬ በየኮሌጁ የሚጠቀስ መጽሐፍ ነው። እነዚህ ሥራዎች የሚያመለክቱት አንድ ነገር ነው፤ መምህሩ ለጥናቱ የሚያነበውና ለክፍሉ የሚያዘጋጀው ሲገናኙ፣ ውጤቱ ከአንድ ክፍል አልፎ ለትውልድ የሚተርፍ ይሆናል።

በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያንም የዚሁ ጎዳና ተጓዦች ናቸው። አዲስ አበባ ተወልደው በአሜሪካ ያደጉት ደራሲያን ዲናው መንግሥቱ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ፣ መዓዛ መንግሥቴ ደግሞ በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የፈጠራ ጽሑፍ የድኅረ ምረቃ ትምህርታቸውን ተከታትለው፣ በኮሌጆችና በዩኒቨርሲቲዎች ጽሑፍን ለማስተማር በቅተዋል። የመዓዛ ልቦለድ በ2020 እ.ኤ.አ. ለቡከር ሽልማት በመጨረሻ ዕጩነት ከቀረቡት ሥራዎች አንዱ እንደነበር ይታወሳል።

የእርማት ሰዓት ስሌት

ይሁንና የጽሑፍ ትምህርት ከሌሎች ኮርሶች የሚለይበት ባሕርይ አለው። በብዙ ኮርሶች መምህሩ ገለጻ ከሰጠ በኋላ የተማሪውን ዕውቀት በምርጫ ጥያቄ መመዘን ይችላል። መጻፍ ግን በገለጻ ብቻ አይለመድም። ተማሪው ይጽፋል፤ መምህሩ አንብቦ ሐሳቡ የት ላይ እንደተቋረጠ፣ የትኛው አባባል ማስረጃ እንደሚጎድለው፣ የትኛው ዓረፍተ ነገር ለሁለት ትርጉም እንደተጋለጠ ያመለክታል፤ ተማሪው እንደገና ይጽፋል። ትምህርቱ ያለው በዚህ ምልልስ ውስጥ ነው።

ይህ ምልልስ ምን ያህል ጊዜ እንደሚጠይቅ በቀላል ስሌት ማሳየት ይቻላል። 50 ተማሪዎች ባሉበት አንድ ክፍል እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ገጽ ጽሑፍ ቢያስረክብና ለአንዱ ወረቀት 15 ደቂቃ ቢመደብ፣ አንድ ዙር እርማት 12 ሰዓት ተኩል ይወስዳል። መምህሩ ሦስት ክፍሎችን የሚያስተምር ከሆነ ደግሞ 37 ሰዓት ተኩል ይሆናል። በመንግሥት ሠራተኞች አዋጆች ለዓመታት የተሠራበት የሳምንት መደበኛ የሥራ ሰዓት ጣሪያ 39 ሰዓት መሆኑ ሲታሰብ፣ አንድ ዙር እርማት ብቻ የአንድ ሠራተኛን ሙሉ ሳምንት ሊወስድ ምንም አይቀረውም። በአንድ ሴሚስተር አራት ጊዜ ቢጻፍ ድምሩ 150 ሰዓት ይደርሳል። ክፍል ገብቶ ማስተማሩ፣ ዝግጅቱ፣ ፈተናውና የራሱ ጥናት በዚህ ስሌት ውስጥ አልገቡም።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የማስተማር ጫና የሚቆጠረው በአብዛኛው በክፍል ውስጥ በሚቆይበት ሰዓት ሲሆን፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያም የሚሰላው በዚሁ መሠረት ነው። ስለዚህ 15 ደቂቃ የሚገባው ወረቀት በ2 ደቂቃ ይታያል፤ የፊደልና የሰዋስው ግድፈት ላይ ጥቂት መስመር ተሰምሮበት ነጥብ ይሰጠዋል። አልያም ምድብ ሥራው በቡድን እንዲሠራ ይደረግና ከአምስቱ የቡድን አባላት አንዱ ሲጽፍ አራቱ ስማቸውን ያስመዘግባሉ። መምህሩ ወረቀቱን በሚገባ ለማንበብ ከወሰነ ደግሞ የሚዘገየው የመመረቂያ ጥናቱ ነው። ጥናቱ ሲዘገይ ማዕረጉም፣ ደመወዙም፣ ከላከው ተቋም ጋር የገባው ውልም አብረው ይዘገያሉ። በየትኛውም አቅጣጫ ቢወሰን ዕዳውን የሚከፍል ወገን መኖሩ አይቀርም።

ተማሪው ወደ ኮሌጅ ሲገባ ይዞት የሚመጣው ልምድም ጫናውን ያከብደዋል። የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና የምርጫ ጥያቄ በመሆኑ አንድ ወጣት ሙሉ አንቀጽ የመጻፍ ችሎታው ሳይመዘን ኮሌጅ ሊደርስ ይችላል። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ ተግባራዊ የሆነው የመውጫ ፈተናም በዚሁ ቅርጽ የሚሰጥ ነው። የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ኮርሶች ለዓመታት ከዩኒቨርሲቲ ተቀንሰው ወደ መሰናዶ ትምህርት ከወረዱ በኋላ በ2012 ዓ.ም ተመልሰው የእንግሊዝኛ ተግባቦት ክሂል ኮርስ ለሁሉም ተማሪ እንዲሰጥ መደረጉ መልካም እርምጃ ነው። ይህንን ኮርስ በየፋካልቲው የሚያዳርሱት መምህራን ግን በአብዛኛው ከላይ የተገለጹት ወጣት ረዳቶችና ሌክቸረሮች ናቸው።

በቅርቡ ደግሞ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ መሣሪያዎች በጥቂት ሰከንድ ውስጥ የተስተካከለ ጽሑፍ ማቅረብ ጀምረዋል። ይህም የመምህሩን ንባብ አላስፈላጊ አላደረገውም፤ እንዲያውም ይበልጥ አስፈላጊ አድርጎታል። የተማሪውን የመጀመሪያ ረቂቅ ያየ፣ በክፍል ውስጥ ያስጻፈና ስለ ጽሑፉ በቃል የጠየቀ መምህር፣ ሐሳቡ የተማሪው መሆኑን ለመለየት አይቸገርም። የመጨረሻውን ወረቀት ብቻ የሚቀበል መምህር ግን የሚያርመው የማንን ሥራ እንደሆነ አያውቅም።

ለመንግሥት ሥራ ያለው ፋይዳ

የኮሌጁ ኮርስ በእንግሊዝኛ የሚሰጥ፣ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ደግሞ በአማርኛ የሚሠሩ በመሆናቸው ኮርሱ ለቢሮ ሥራ ምን ይጠቅማል የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው የሚሻገረው ቃላቱ ሳይሆን የሐሳብ ቅደም ተከተሉ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ከሚታወቁ አባባሎች አንዱን ማየት ይቻላል፤ «በተጠቀሰው ጉዳይ ላይ አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግ እናሳስባለን።» በዚህ ዓረፍተ ነገር የሰዋስው ስሕተት የለም። ይሁን እንጂ ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ እንደሚያደርግ አይገልጽም። ደብዳቤው ከመዝገብ ቤት ወደ ኃላፊው፣ ከኃላፊው «ለሚመለከተው» ተብሎ ወደ ባለሙያው ከተመራ በኋላ ማብራሪያ የሚጠይቅ ሌላ ደብዳቤ ይወልዳል። ባለጉዳዩ «ነገ ተመለስ» የሚባለው አንዳንዴ በሠራተኛው ቸልተኝነት ሳይሆን በደብዳቤው ድፍንነት ምክንያት ነው።

የሥነ ጽሑፍ ትምህርትም ቢሆን ከቢሮ የራቀ አይደለም። ልቦለድ የሚያነብ ተማሪ አንድን ድርጊት ማን እንደሚተርከው፣ ተራኪው ምን እንዳየና ምን እንደሰማ፣ ምን እንደደበቀ መጠየቅን ይለምዳል። አቤቱታ ለሚመረምር ባለሙያና የኦዲት ግኝት ለሚያነብ ኃላፊ ይህ ልማድ ዋና መሣሪያው ነው። በአገራችን ታሪክም ብዕርና የመንግሥት ሥራ ተለያይተው አያውቁም። ፍቅር እስከ መቃብርን በ1958 ዓ.ም ያሳተሙት ሐዲስ ዓለማየሁ አምባሳደርና ሚኒስትር ነበሩ፤ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት መኮንን እንዳልካቸውም ልቦለዶችንና ተውኔቶችን ጽፈዋል።

የሌሎች አገሮች ልምድ

የጽሑፍ ትምህርትን ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ማስረከብ የኢትዮጵያ ብቻ አሠራር አይደለም። በአሜሪካ የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት የጽሑፍ ኮርስ በ1885 እ.ኤ.አ. ከተጀመረ ወዲህ ኮርሱ በአገሪቱ ኮሌጆች ተስፋፍቷል፤ በትላልቅ ዩኒቨርሲቲዎች በብዛት የሚያስተምሩት የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ናቸው። ተማሪው አንድ ወይም ሁለት ክፍል ሲያስተምር የትምህርት ክፍያው ይሸፈንለታል፤ መተዳደሪያ ገንዘብ ይሰጠዋል፤ በብዙዎቹም የጽሑፍ አስተማመር ሥልጠና እንዲወስድ ይደረጋል። የዘርፉ የሙያ ማኅበር በአንድ የጽሑፍ ክፍል ከ20 ተማሪ በላይ እንዳይኖር፣ ከተቻለም 15 እንዲሆን ይመክራል። በ20 ተማሪ ሲሰላ ከላይ የተጠቀሰው አንድ ዙር እርማት ወደ 5 ሰዓት ይወርዳል።

እዚያም ቢሆን ሁሉም የተሟላ አይደለም። በየኮሌጁ በኮንትራት እየተዘዋወሩ የሚያስተምሩ መምህራን የሚያነሡት የክፍያና የዋስትና ጥያቄ ለዓመታት መልስ ሲጠብቅ ቆይቷል። ከልምዱ የሚወሰደው ቁም ነገር ግን ግልጽ ነው፤ የድኅረ ምረቃ ተማሪው ማስተማሩ ጉዳት የሚሆነው የክፍሉ ብዛትና የሥራው መጠን ሳይገደብ ሲቀር ነው።

ምን ማድረግ ይቻላል?

ለችግሩ መፍትሔ ለመስጠት በቅድሚያ የሚያስፈልገው የእርማትን ሰዓት እንደ ሥራ ሰዓት መቁጠር ነው። የማስተማር ጫና ሲደለደል 50 ተማሪ ያለው የጽሑፍ ክፍልና በምርጫ ፈተና የሚመዘን 50 ተማሪ ያለው ሌላ ክፍል እኩል ሊታዩ አይገባም። የመምህር እጥረት ባለበት ተቋም የተማሪውን ቁጥር ወዲያውኑ ወደ 20 ማውረድ የማይቻል ቢሆንም፣ በሴሚስተር አራት የችኮላ እርማት ከማድረግ ሁለት ጽሑፍ በሚገባ አንብቦ ሁለቱንም እንደገና ማስጻፍ የተሻለ ውጤት እንደሚያስገኝ መገንዘብ አያዳግትም።

በሁለተኛ ደረጃ የመምህሩን ጥናትና ክፍል ማቀራረብ ይቻላል። የድኅረ ምረቃ ተማሪው የመመረቂያ ጥናቱን በተማሪዎቹ የመጻፍ ችግር፣ በአስተያየት አሰጣጥ ወይም በሚያስተምረው የሥነ ጽሑፍ ዘውግ ላይ ቢያደርግ፣ ለአንዱ የሚያውለው ጊዜ ለሌላውም ይተርፋል። ተማሪዎቹ በጥናቱ ሲካተቱ ፈቃዳቸው መጠየቁና ውጤታቸውን የማይነካ መሆኑ መረጋገጡ ግን የግድ ነው።

በሦስተኛ ደረጃ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ራሳቸው ድርሻ አላቸው። ሠራተኛውን ለማታ ትምህርት የሚልክ መሥሪያ ቤት የክፍያ ደረሰኝና የውጤት ሰነድ ከመጠየቅ ባለፈ፣ ሠራተኛው የጻፈው ተነብቦለት እንደሆነ ሊጠይቅ ይችላል። ምስጢራዊ ያልሆኑ የደብዳቤና የሪፖርት ረቂቆችን ለክፍል ልምምድ እንዲያውል ማበረታታትም ወጪ የማይጠይቅ እርምጃ ነው። የቅርብ ኃላፊም የቀረበለትን ረቂቅ ዝም ብሎ አስተካክሎ ከመፈረም ይልቅ፣ ጉድለቱን አመልክቶ ለአዘጋጁ ቢመልስ የመምህሩን ሥራ በቢሮው ውስጥ ቀጠለ ማለት ነው።

በኦሎምፒያ የማታው ትምህርት ሲያበቃ መምህሩና ተማሪው አብረው ከሕንፃው ይወጣሉ። ሁለቱም በነጋታው ጠዋት የሚጠብቃቸው ሥራ አለ፤ ሁለቱም ገና ተማሪዎች ናቸው። በመምህሩ ቦርሳ ውስጥ ያለው ወረቀት ተነብቦ የሚመለስበት ጊዜ እንዲኖር ማድረግ የትምህርት ተቋማትን፣ የተቆጣጣሪ አካላትንና የአሠሪ መሥሪያ ቤቶችን የጋራ ውሳኔ ይጠይቃል። ውሳኔው ሲዘገይ መምህሩ የራሱን ጥናት ወይም የተማሪውን ወረቀት መሥዋዕት ማድረጉ ይቀጥላል። ሲተገበር ግን ከየመሥሪያ ቤቱ የሚወጣው ደብዳቤ በመጀመሪያው ንባብ የሚገባና ባለጉዳዩን በአንድ ቀን የሚያሰናብት ይሆናል።